ሴሊካ ለቤተሰብ፦ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል በስፖርት መኪና

ቶዮታ ሴሊካ ሁለት በርና አራት ወንበር ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና ናት። እኔ ደግሞ ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ የምሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። "ምን አገናኛችሁ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ሊስቅብኝ ነው። አንዳንዱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔም ዓይኔ አርፎባት ነበር፤ ለቤተሰብ ትሆናለች ግን?" ይለኛል። የምጽፈው ለዚህኛው ነው።

መልሱን ላስቀድም፤ ትሆናለች። ሞተሯ አያስቸግራችሁም። ነዳጇም አያስለቅስም። የሚፈትናችሁ ዝቅታዋና የኋላ ወንበሯ ነው። ስለ ፈረስ ጉልበት የሚያወራችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ በትሕትና አዳምጡት። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ሆዷን እዩ።

መኪና ፍለጋ ስንጀምር ባለቤቴ ያሰበው ቪትዝ ነበር። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ገዝተህ ነገ ብትሸጣት ገዢ አታጣም። እኔ ግን ሐረጎን፣ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ በየቀኑ የምወርድና የምወጣ ሰው ነኝ። መንዳት እወዳለሁ። ያንን ጠመዝማዛ ደስ ብሏት የምትይዝ መኪና ነበር የፈለግኩት። ብዙ መኪና ዝርዝራችን ውስጥ ገብቶ ወጣ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ቆንጆ ናት፤ ወንበሯ ግን ሁለት ብቻ ነው። "ልጆቹን ለማን እንተዋቸው?" አለ ባለቤቴ፤ እሷ በዚሁ አበቃች። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ቱርቦዋ አራት በር አላት፤ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። እውነቱን ለመናገር ለቤተሰብ ከሴሊካ ትሻላለች። ነዳጅ ላይ ግን እጇ አይሰበሰብም። ለማደያ ሰልፍ ጊዜ ያለው ሰው ይግዛት።

ምርጫው ራሱ ጠቧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለችው ያው ያለችው ናት። ሌላ ያገለገለች ከውጭ አትመጣም። ስለዚህ ያገኛችኋትን ሴሊካ በደንብ መመርመር እንጂ "ሌላ ትመጣለች" ብሎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም። የእኛዋ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። የተጠየቀው ዋጋ ከአንድ ንጹሕ ቪትዝ ብዙም አልራቀም። ሁለት በር ሲሰማ የሚሸሽ ገዢ ብዙ ነው፤ ይህ ለእኛ ጠቀመን።

ሴሊካ ስል ሰባተኛ ትውልዷን ማለቴ ነው። የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የወጣችው። ይቺ የመጨረሻዋ በ1999 ወጥታ በ2006 ማምረቱ ቆመ። መካኒካችን ኮፈኗን ከፍቶ ትንሽ ዝም አለና "ይቺማ ኮሮላ ናት፤ ልብሷን ቀይራ ነው" አለ። ሌላ ሰው በዚህ ቅር ይለው ይሆናል። እኔ ደስ አለኝ። ሞተሯ ባለ 1.8 ሊትር፣ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን ኮሮላ ላይም የተገጠመ ሞተር ነው። የአውሮፓዋ ባለ 1.6 ኮሮላ ሞተርም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ታይሚንጉ በሰንሰለት ነው፤ በየጊዜው ቀይሩልኝ የሚል ቺንጊያ የለውም። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ60 ነው፤ የዘመኗ ኮሮላም ልክ ያው። ልዩነቱ ቁመት ላይ ነው። ሴሊካ ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ናት። ኮሮላ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ትበልጣታለች። ያቺ 15 ሳንቲ ሜትር ናት ኑሯችንን የምትወስነው፤ ወደ እሷ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንጨርስ፤ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። ወረቀቷ ላይ 140 የፈረስ ጉልበት ይላል። ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል አየር ነው። ደሴ ከ2,500 ሜትር ገደማ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ያጣል። ሂሳቡን እኔ ልሥራላችሁ፤ ደሴ ላይ ከጉልበቷ ሩብ ያህሉ የለም። ፒያሳ ላይ ሽቅብ ስትነሳ ማንንም አታስደነግጥም። ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ትንሽ ነፍስ ትዘራለች። ወደ ባቲ ቁልቁል ስትሉ ደግሞ የበለጠ ትነቃለች፤ ያኔ ግን ሙቀቱ ኤሲ ያስከፍታችሁና የጨመረውን መልሶ ይወስደዋል።

ስለዚህ ባለ 180ና ባለ 190 የፈረስ ጉልበት የምትባለውን ሴሊካ ለቤተሰብ አልመክርም። መኪናዋ መጥፎ ሆና አይደለም። ሞተሯ እውነተኛ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ነው። ሐረጎ ላይ ከሲኖ ትራክ ኋላ ተሰልፎ 6,000 ዙር ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ የምትፈልገው ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ነው። 140ዋ በተራው ቤንዚን ትሄዳለች። እኛ ማደያ ላይ የምናገኘው ደግሞ ተራውን ነው፤ እሱም ሲገኝ።

ሐረጎ ላይ ግን ሴሊካ ለምን እንደተሠራች ይገባችኋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ዝቅ ያለ መኪና ጠመዝማዛ ላይ አይንገዳገድም። የኋላ እግሯ ከኮሮላ የተለየ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ነው የሚንቀሳቀሱት። መሪው የጠየቃችሁትን ያደርጋል፤ አይዘገይም፣ አያጋንንም። የእኛዋ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ናት። ሦስተኛ ላይ አድርጌ እለቃታለሁ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ፍሬን የምነካው ለመታጠፊያ ብቻ ነው። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ፍሬን ሲሸት እኔ መስኮት እዘጋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ነዳጅ ልቆጥብ ብላችሁ በሞርቶ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥታችሁ፣ አትውረዱ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ነዳጁን ጨርሶ ያቋርጣል። በሞርቶ ስትሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያቃጥላል። ፍሬናችሁን እያቃጠላችሁ ነዳጅም ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ታክሲ ሹፌሮቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ አፍንጫችሁ ላይ ያለው መኪና አይታይም። አውሮፓ የተሸጡት ሴሊካዎች የኋላ የጉም መብራት አላቸው፤ ቀይና ደማቅ ነው። ስትገዙ አብሩትና እዩት፤ ብዙ ጊዜ አምፖሉ ተቃጥሎ ማንም ልብ ሳይለው ኖሯል። ዝቅ ስላለች የጭነት መኪና ሹፌር በመስታወቱ ላያያት ይችላል። ክላክስ አልቆጥብም።

ነዳጅ ፋብሪካው ከተማና ገጠር ተደምሮ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ሊትር ይላል። ሽቅቡ ይጨምራል፣ ቁልቁሉ ይመልሳል። እኛ ዘንድ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

አሁን ወደ ኋላ ወንበሩ።

የኋላ ወንበሯ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ሁለት ተኩል አይልም፣ "ጠጋ በሉ" አይሠራም። መሐል ላይ ዕቃ ማስቀመጫ አለ፤ ቀበቶውም ሁለት ብቻ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ስለሆኑ ለእነሱ ቤት ነው። ትልቋ ራሷ የፊቱን ወንበር አጥፋ ትገባለች። ትንሹን ግን እኔ ነኝ የማስገባው፤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴን በሩ ላይ ተደግፌ። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ይህን አንብባችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ጣሪያው ወደ ኋላ ስለሚዘቀዝቅ ትልቅ ሰው ከኋላ ቢቀመጥ ጭንቅላቱ መስታወቱ ሥር ነው። ፀሐይ ሲከር እዚያ ያለው ሰው ይጠበሳል። ለልጆቹ የፀሐይ መከለያ ጨርቅ አሰፋን።

አማቴ መጀመሪያ የገቡ ዕለት የፊቱ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ዝቅ አሉ፣ አሁንም ዝቅ አሉ፣ መሐል ላይ ቆም ብለው "ልጄ፣ ወንበሩ የት ነው?" አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ። ሲወርዱ ደግሞ ሁለት ሰው ነው እጃቸውን የሳበው። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ወንድማቸው ጋ ሲሄዱ ሚኒባስ ይመርጣሉ። "አብሽሪ፣ እኔ ከፍ ብዬ ነው ማየት የምወደው" ይሉኛል። ልባቸው ጥሩ ስለሆነ ነው።

የኋላ ወንበሩ ነገር ግን ከእግርና ከጭንቅላት ያለፈ ነው። ወሎ ውስጥ መኪና ያለው ሰው መኪናው የብቻው አይደለም። ለቅሶ ሲሆን ጎረቤት ይጫናል። ሰደቃ ሲሆን ድስቱም ሰዉም ይጫናል። ሠርግ ሲሆን አትጠይቁኝ። መንገድ ላይ የምታውቋቸው እትዬ ዘንቢል ይዘው ሽቅብ ሲወጡ አይታችሁ ማለፍ አይቻልም። አራታችን ስንቀመጥ ግን ሴሊካ ሞልታለች። ቆሜ "እትዬ፣ ሞልቷል፤ ይቅርታ" ማለቱ በጣም ይከብዳል። አንዳንዴ ትልቋን አውርጄ በእግር እልካትና እትዬን አስቀምጣለሁ። ደላላ ይህን አይነግራችሁም፤ የመኪና ወረቀት ላይም አይጻፍም። እኔ ግን ከምንም በላይ አስቡበት እላለሁ።

የኋላ በሩ ደግሞ ይክሳል። ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል። የኋላ ወንበሮቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይተኛሉ። አንዱን አስተኝተን፣ ትንሹን በሌላው አስቀምጠን፣ ጤፍ በጆንያ ጭነናል። ለአረፋም ለፋሲካም በግ ሄዶባታል፤ ቤታችን ሁለቱንም የሚያከብር ቤት ነው። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፣ እግሩን በደንብ እሰሩ። የኋላውን መስታወት ትንፋሹ ሲሸፍነው ማየት አትችሉም፤ ማራገቢያውን ክፈቱ። የሰኞ ገበያ ልጆች በጉ በመስታወት ሲያያቸው የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም።

የመሬቱን ነገር በተመለከተ። ዋናው አስፋልት ላይ ችግር የለም። ችግሩ ከአስፋልት ወደ ሰፈር ስትገቡ ነው። ኮብሉ መሐል ላይ ሲያብጥ፣ የጎርፍ ቦዩ ሲሻገር፣ የግቢ በር ላይ ጉብታ ሲኖር። የፊት ከንፈሯ ይነካል፤ ከዚያ ማርሚታው። የሚያስፈራው ግን የዘይቱ ኮፓ ነው፤ እሱ ከተመታ መኪናዋ ያለችበት ትቀራለች። እኛ ከሥር የብረት መከላከያ አሠራን። ብየዳ አላስደረግንም፤ በብሎን የሚፈታ ነው፣ ዘይት ማፍሰሻውም ላይ ቀዳዳ ተትቶለታል። ብየዳ ካስደረጋችሁ ዘይት ለመቀየር ብረት ማስቆረጥ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ጎማ ነው። አንዳንድ ሰው ሴሊካ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ትልቅ ቸርኬና ቀጭን ጎማ መግጠም ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ኮብል ላይ ቸርኬ ይጣመማል። ከፋብሪካ በ15 ኢንች ቸርኬ የመጡ አሉ። ያንን ፈልጉ። ጎማው ወፈር ስለሚል ድንጋይን ይውጠዋል፣ ጎሚስታው ጋም አታዘወትሩም። ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ የተደረገች ሴሊካ ካያችሁ ደግሞ ዋጋ ሳትጠይቁ እለፉ። ጉብታ ስትሻገሩ በአግድም ሁኑ፤ አንድ ጎማ አስቀድማችሁ። ትልቋ ልጄ "እማ፣ በአግድም!" እያለች ታስታውሰኛለች።

በሮቿ ረጃጅም ናቸው። ባጃጅ አጠገባችሁ ተጠግቶ ከቆመ መውጣት ፈተና ነው። ራቅ ብላችሁ አቁሙ፤ በቃ።

ምርመራውን ላስረዳ። የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ዘይት መብላት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2002 አካባቢ በወጡት ላይ ነው በብዛት የሚታየው። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። በካርቦን ሲደፈኑ ቀለበቱ ይያያዛል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አምልጦ ይቃጠላል። በኋላ ፒስተኑ ተሻሽሏል። እኛ የ2004 ሞዴል የፈለግነው ለዚህ ነው፤ የእኛዋ አትበላም። የቆየች ካገኛችሁ ደግሞ ሐረጎ ለምርመራ የተሠራ ይመስላል። ማርሽ ውስጥ አድርጋችሁ እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ ረጅሙን ቁልቁለት ውረዱ። ታች ስትደርሱ ነዳጁን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡና በመስታወት ኋላችሁን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ተመለሱ። ሻጩ "ቀዝቅዞ ነው" ካላችሁ አትመኑት፤ የቀዘቀዘ ሞተር የሚያወጣው ነጭ እንፋሎት ነው።

ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ ቆጣሪዋ በማይል ነው። 120,000 የሚል ካያችሁ 193,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አትርሱ። ሻጩ ላያነሳላችሁ ይችላል። ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አመሳክሩ፤ ሞተር የተቀየረባት ስፖርት መኪና ብዙ ናት። እግድና የባንክ ዕዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። ስፖርት መኪና ብዙውን ጊዜ የወጣት እጅ ነው የዞረባት፤ ስለዚህ ግጭት ፈልጉ። የኮፈኑና የፊት መብራቱ ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል ይሁን። በላሜራው ላይ ትንሽ ማግኔት አስጠጉ፤ ስቱኮ ካለበት አይያዝም።

መለዋወጫው ላይ ሁለት ዓለም ነው ያለው። የሞተር ዕቃ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ የመሳሰለው ደሴም ኮምቦልቻም አለ፤ የኮሮላ ብላችሁ ጠይቁ። የሰውነቷ ግን የራሷ ብቻ ነው። የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ የበር መስታወት ከሌላ መኪና አይገጥምም። ለዚያ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያም ከተገኘ ነው፤ ካልተገኘ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይለመናል። ስለዚህ ስትገዙ መብራቶቿ ሙሉ መሆናቸውን ከሞተሩ እኩል እዩ።

ባለቤቴ አሁንም ኮሮላ ይሻል ነበር ይላል። ቅዳሜ ቁልፉን የሚያነሳው ግን እሱ ነው፤ ልጆቹን ሐይቅ ዓሣ ላብላቸው በሚል። ዓሣው ደሴም አለ።

ማን ይግዛት? ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ አረጋዊ ሰው የማያመላልስ፣ ግቢው ድረስ አስፋልት ወይም ደህና ኮብል ያለው፣ መንዳት የሚወድ ሰው። 140ዋን፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የወጣችውን፣ ማንም ያልነካካትን። እኛ የምንሸጣት ሦስተኛ ልጅ ከመጣ ነው፤ አምስተኛ ቀበቶ የላትም።